የሚዞረው ከተማ ድምፅ

ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ እናቴ ማንም ኖሮበት የማያውቅ ከተማ ትሠራ ነበር። ሙያዋ በኮምፒውተር ባለ ሦስት አውታር ሞዴል መንደፍ ነው። ከዚያ በፊት ገና ያልተገነቡ ሕንፃዎችን፣ የሆስፒታል አልጋዎችን፣ አንድ ጊዜም የጥርስ ሐኪም ወንበር ነድፋለች። ያን ዓመት አንድ የሳይንስ ማሳያ አዳራሽ ትልቅ ሥራ ሰጣት፤ ሰዎች ወደፊት በጠፈር ላይ ሊኖሩበት የሚችሉት፣ እንደ ጎማ እየተሽከረከረ የሚሄድ ከተማ። ጎብኚው መነጽሩን አጥልቆ በመንገዶቹ ላይ ሲራመድ እውነት መስሎ ሊታየው ይገባል። ሥራውን የተቀበለች ቀን ከደስታዋ ብዛት የአባቴ ሻይ ውስጥ በስኳር ፈንታ ጨው ጨመረች። አባቴ ትንፍሽ ሳይል እስከ መጨረሻው ጠጣው።

አባቴ የሊፍት ጠጋኝ ነበር። የምንኖረው ግን ሊፍት በሌለው ፎቅ ሦስተኛው ወለል ላይ ስለሆነ «የሰውን ሁሉ ጉልበት አድኜ የራሴን ጨረስኩ» ይል ነበር። የእናቴን ከተማ መጀመሪያ ያየ ጊዜ አገጩን እያሻሸ ቆየና፣ በገመድ ያልተንጠለጠለ ነገር አላምንም አላት። እሷም ሳቀች። ያኔ ገና ይሳሳቁ ነበር።

ከተማው እንዴት ሰው እንደሚይዝ ያስረዳችኝ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ማሽኑ ፊት አስቀምጣኝ በክብ መስታወቱ ወደ ውስጥ እንዳይ አደረገችኝ። ውሃውን አፍስሶ በኃይል ሲሽከረከር ልብሶቹ ከግድግዳው ጋር ተለጥፈዋል፤ መሃሉ ባዶ ነው።

«እነዚያ ካልሲዎች እኛ ነን» አለችኝ። «ጠፈር ላይ ወደ ታች የሚስበን መሬት የለም። ስለዚህ ከተማው ይዞርና ከግድግዳው ጋር ያጣብቀናል። ግድግዳው ወለላችን ይሆናል።»

«ካልሲዎቹ አይዞርባቸውም?»

ጥያቄው ደስ አሰኛት። ጆሯችን ውስጥ ትንሽ ውሃ እንዳለች፣ ቀጥ ብለን መቆማችንን የምትነግረን እሷ እንደሆነች ነገረችኝ። ከተማው ጠባብ ከሆነ ቶሎ ቶሎ መዞር አለበት፤ ያን ጊዜ ያቺ ውሃ ትረበሽና ሰው አንገቱን ባዞረ ቁጥር ይንገዳገዳል። ለዚህ ነው የእሷ ከተማ በጣም ሰፊ ሆኖ ቀስ ብሎ የሚዞረው። እኔም ይህን ከልጅነት እውቀቴ ሁሉ አስበልጬ ያዝኩት።

ከእሷ ጋር የሚሠራ አንድ ሰው ነበር፤ ለጠረጴዛ የሚሆነውን ትንሹን ሞዴል በራሱ ሱቅ ውስጥ በባለ ሦስት አውታር ማተሚያ ማሽን የሚያወጣላት። ሁሉም ሚሊሜትር ይሉታል፤ በልክ ጉዳይ ወንድሙንም አይምርም። እኔን «ኢንስፔክተር» ይለኛል፤ መጀመሪያ ያሳዩኝን መንደር አይቼ ሽንት ቤቱ የታለ ብዬ ስለጠየቅሁ። እውነትም ረስተውት ነበር። እሱ ልኩን ሲጠብቅ እናቴ ደግሞ እድፉን ትጨምራለች። የደረጃው ጫፍ በጫማ ብዛት የተበላ፣ የመብራቱ ማብሪያ ዙሪያ በእጅ ወዝ የጠቆረ፣ የአንዱ ቤት መጋረጃ አንድ ቀለበቱ የወለቀ መሆን አለበት። ንጹሕ ከተማ ማንም አያምንም ትላለች። መንገዱ ከፊትህ ወደ ላይ እየታጠፈ ይሄድና፣ ቀና ስትል የጎረቤት ጣሪያ በራስህ ላይ ተዘቅዝቆ ታያለህ። እዚያ ሰገነት ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ከልብሱ መካከል የእኔን ቢጫ ሹራብ አይቼዋለሁ።

መንገዳገድ የጀመረችው ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ከሥራ ክፍሏ ወጥታ በኮሪደሩ ስትሄድ ጠራኋት፤ አንገቷን ስታዞር እግሯ ከዳትና በትከሻዋ ግድግዳውን ደገፈችው። ወዲያው ገባኝ። ከከተማው ውስጥ ገና መውጣቷ ነበር። ከሚሽከረከር ወንበር ላይ የወረደ ልጅ እንደዚያው አይደለም የሚሆነው? እኔ ብቻ አይደለሁም እንዲህ ያሰብኩት፤ እሷም ራሷ «ስክሪኑ ነው፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ እዞራለሁ» ትል ነበር። ማቅለሽለሹ እንዲተዋት የሚንት ከረሜላ ትመጥጣለች። ኪሷ ሁሉ የከረሜላ ወረቀት ነበር።

ሌሎችም ነገሮች ነበሩ፤ ሁሉንም በከተማው አመካኘኋቸው። መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ በቀኟ እንድሆን ትጎትተኛለች። ስልኩን በቀኝ ጆሮዋ ብቻ ትይዛለች። አንዳንድ ጊዜ አጠገቧ ቆሜ ስጠራት አትመልስም፤ ያኔ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ናት ብዬ እስክትመለስ እጠብቃለሁ።

የአባቴ ታላቅ እህት ግን የምትጠብቅ ሴት አልነበረችም። አባቴን ከሕፃንነቱ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እሱም እናቴም «እትዬ» ይሏታል። አንድ እሁድ መጥታ ምሳ ላይ እናቴን ከግራዋ በኩል ሁለት ጊዜ አናገረቻት። እናቴ ዳቦዋን መቁረሷን ቀጠለች። አክስቴ ወደ ማድ ቤት ገብታ አባቴን «ሚስትህ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላኛለች» አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አካሄዷን አይተኸዋል? የአባታችን አካሄድ ነው» አለች። አባቴ ቧንቧውን ከፍቶ ንጹሑን ብርጭቆ ደግሞ አጠበው።

እኔ በሩ ጀርባ ሆኜ ግራ ገባኝ። አያቴን በፎቶ ብቻ ነው የማውቀው፤ እናቴ ደግሞ ምራቱ እንጂ ልጁ አይደለችም። እንዴት በአካሄድ ልትመስለው ትችላለች? አያቴ ማታ ማታ ደረጃውን በግድግዳ ተደግፎ የሚወጣ ሰካራም እንደነበረ፣ ሁለቱ ልጆች በር ላይ ሆነው የእርምጃውን ድምፅ እየሰሙ ምን ዓይነት ሌሊት እንደሚያድሩ ያውቁ እንደነበረ የነገረኝ አልነበረም። ሽታውን ለመደበቅ ሚንት እንደሚመጥጥም የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ቁም ሳጥን መበርበር አመጣ። እናቴ ስትወጣ ጠብቆ የማድ ቤቱን መደርደሪያ፣ የጫማውን ሣጥን፣ የሥራ ክፍሏን መሳቢያ ይከፍታል። ምን ጠፋብህ ስለው «ቁልፍ» አለኝ። እኔም እጄ የሚደርስበትን ሁሉ እየከፈትኩ አገዝኩት። አንድ የወደቀ አዝራር አግኝቼ ሰጠሁት፤ ተቀበለኝና ኪሱ ከተተው።

አንድ ቀን ደግሞ እናቴ ዳቦና እንቁላል ይዛ ስትመጣ ደረጃው ላይ ወደቀች። የታችኛው ቤት ሰውዬ ደግፎ አነሣትና እኔን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። በቀን፣ አለ ለሚስቱ፣ በጠራራ ፀሐይ። ፀሐይና እንቁላል ምን እንዳገናኛቸው አልገባኝም።

በዚያው ሰሞን አስተማሪያችን፣ ውሃ በደንብ የማይጠጣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋልም ብላ አስተማረችን። እኔም ጉዳዩን በእጄ ያዝኩት። ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ በትልቁ ብርጭቆ ውሃ እየቀዳሁ እናቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ፤ እስክትጨርሰው አልሄድም። እሷም በአንድ እጇ ማውሱን እንደያዘች በሌላው እያነሣች ትጨልጠዋለች።

አባቴ በሥራ መኪናው ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ አንድ ጠዋት መንገዱን እያየ፣ «እናትሽ ትናንት ጠጣች?» አለኝ።

በደስታ ልሞት ነበር። እሱም አስቦበታል ማለት ነው።

«በጣም ጠጣች» አልኩት። «እኔ ነኝ የቀዳሁላት።»

ትምህርት ቤቱን አልፎ ሄዶ ነበር፤ አባዬ አለፍን ስለው ነው የተመለሰው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ምን ጠጣች ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው መኪናው ውስጥ ያልቅ ነበር። ልጁን እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ለመጠየቅ ያፈረ ይመስለኛል።

ያን ቀን በጊዜ ገባ። እናቴ በር ልትከፍትለት ስትሄድ ከኋላዋ ነበርኩ። ሁለት ትከሻዋን ያዘና ፊቱን ወደ ፊቷ አስጠጋ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ከአፏ አጠገብ ቆየ። በፊቴ ሲስማት አይቼ ስለማላውቅ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ በጣቶቼ መካከል አየሁ። ታረቁ ብዬ ሆዴ በደስታ ሞላ። እናቴ ግን እጆቿን ከጎኗ እንዳወረደች ቆማ ቀረች።

«አገኘኸው?» አለችው።

«ምኑን?»

«የምትፈልገውን።»

ያገኘው ሚንት ነበር። ለእሱ ከአረቄ የባሰ ማስረጃ ነበር።

በሳምንቱ መጨረሻ ልብሴ በሻንጣ ተከቶ ወደ አክስቴ ቤት ተወሰድኩ፤ አባቴም እዚያው ማደር ጀመረ። እናትሽ ሥራ በዝቶባታል፣ ከተማው እስኪያልቅ ነው ተባልኩ። እኔም አመንኩ፤ ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ እናቴ ከተማ ልታስመርቅ ስለሆነ ቤት የለችም አልኳቸው። አክስቴ ክፉ አልነበረችም። ጠዋት ፀጉሬን ስትሠራልኝ እጇ ይለሰልሳል፤ ግን እናቴን ባነሣሁ ቁጥር ማበጠሪያው ይቆማል። ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ እናቴ ዘንድ ያደርሰኝና እሱ ታች መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቀኛል። እናቴ ከስታለች። አባዬ ለምን አይገባም ስላት፣ ደረጃው ደክሞት ነው አለችኝ።

ከእነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ሚሊሜትር መጣ። ሥራውን የምታስረክብበት ቀን ቀርቦ ነበር። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ከትንሹ ሞዴል የተረፉትን የፕላስቲክ ዛፎች እደረድራለሁ። እሱ እንደ ልማዱ ከእናቴ በስተግራ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የወትሮው ቀልድ የለም፤ ኢንስፔክተርም አላለኝም። ጫማውን እያየ በዝግታ ተናገረ።

«ባልሽ ሱቄ መጥቶ ነበር። ትጠጣለች አለኝ። እውነት ከሆነ አትደብቂኝ፤ እንደ ወንድምሽ ነኝ።»

እናቴ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው። «ድምፁን ጨርሼዋለሁ፤ ስማው እስቲ» አለችና አንድ ቁልፍ ተጫነች።

ከድምፅ ማጉያው አንድ ነገር መጣ። ከሩቅ ክፍል እንደሚሰማ አሮጌ ፍሪጅ ያጉረመርማል፤ ከሥሩ ደግሞ የማያቋርጥ ቀጭን ፉጨት አለ። ከተማው በስክሪኑ ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ድምፁ ልክ የእሱ ነው።

ሚሊሜትር ያልተመለሰለትን ነገር ረስቶ አፉን ከፍቶ አዳመጠ። «ይህን ከየት ቀዳሽው?»

«አልቀዳሁትም። ከጆሮዬ እየሰማሁ ነው የሠራሁት። ቆይቷል፣ ለምጄዋለሁ። ሰው የሚኖርበት ቦታ እኮ እንዲህ ያለ ማንም የማያስተውለው ድምፅ አያጣም።»

ድምፅ ማጉያውን አጠፋው። «አሁንስ?»

«አሁንማ አለ» ብላ ሳቀች። «የኔን ማን ያጠፋዋል።»

«በየትኛው ጆሮሽ ነው?»

«በግራው።»

ሚሊሜትር ተነሣ። ሰው የወርቅ ሚዛን ተሸክሞ እንደሚሄድ ተጠንቅቆ በወንበሯ ዞረና በቀኟ በኩል ተንበረከከ። «ቅድም የነገርኩሽን ሰምተሻል?»

«መቼ ነገርከኝ?»

ያለውን አንድም ሳያስቀር ደገመላት። እናቴ እሱን አልነበረም ያየችው፤ እኔን ነው። እኔም ነገሩን ላቃናው ፈለግሁ።

«ውሃ ነው የምትጠጣው» አልኩት። «ከትምህርት ቤት ስመጣ እኔ ነበርኩ የምሰጣት። አሁን ግን ማን እንደሚሰጣት አላውቅም። ለአባዬም ነግሬዋለሁ።»

«ምን ብለሽ ነገርሽው?» አለች እናቴ።

«ጠጣች ወይ ሲለኝ፣ በጣም፣ እኔ ነኝ የቀዳሁላት አልኩት።»

ሚሊሜትር ግንባሩን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። እናቴ ከወለሉ አንሥታ ታፋዋ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ለእሷ የሚያስቸግር ክብደት ነበረኝ። ደህና አድርገሻል፣ ውሃ ጥሩ ነው አለችኝ። ልቧ በጀርባዬ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ሦስታችንም ወረድን። ሚሊሜትር እናቴን በአንድ ክንዱ፣ እኔን በሌላው ይዞ። አባቴ ሲያየን ከመኪናው ወጣ፤ ሊጣላ የተዘጋጀ ይመስል ነበር። ሚሊሜትር ግን አልተጣላውም። ሚስትህ በግራ ጆሮዋ አትሰማም፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት ብቻ አለው። አባቴ ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ እናቴን ተመለከታት። እሷ ራሷ የኋላውን በር ከፍታ ገባች።

ከጆሮዋ ወደ አንጎሏ በሚሄደው ነርቭ ላይ እብጠት በቅሎ ነበር፤ ለዓመታት ቀስ እያለ ያደገ። ሐኪሟ ክፉ ዓይነት አይደለም፣ ቦታው ነው ክፉ አለች። እኔ በበኩሌ ነገሩ ሁሉ እንዳሰብኩት ሆነልኝ፤ ከተማው በጆሮዋ ገብቶ እዚያ ውስጥ ይዞራል ማለት ነው። ኮሪደሩ ላይ አባቴን፣ ሲያወጡት መዞሩን ያቆማል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ያቆማል አለኝ። ከአክስቴ ጎን ተቀምጦ ነበር፤ ሁለቱም እጃቸውን በጉልበታቸው መካከል ከተው፣ አንድ ነገር ሰብረው ወላጅ እንደሚጠብቁ ልጆች።

ቀዶ ሕክምናው ረጅም ነበር። እናቴ ነፍሷን ይዛ ተመለሰች፤ የግራ ጆሮዋን ግን ለዘለቄታው አጣችው፤ ስትስቅም አንዱ የአፏ ጫፍ ብቻ ነበር የሚነሣው። አዳራሹ ሲከፈት አልጋ ላይ ነበረች። እኔን የወሰደኝ ሚሊሜትር ነው። ልጆች መነጽሩን አጥልቀው በባዶ ወለል ላይ እጃቸውን ዘርግተው ይሄዳሉ፤ ከላያቸው ያ ድምፅ ያጉረመርማል። አንዲት ሴት ባሏን፣ እውነት ሰው የሚኖርበት አይመስልም ወይ ስትለው ሰማሁ። ከጆሮዋ ሲወጣ እዚህ አስቀመጡት ብዬ ተረጋጋሁ።

አክስቴ በየሁለት ቀኑ እየመጣች የእናቴን ፀጉር ታጥባለች፤ ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን ስፌት እንዳትነካ ትንፋሿን ይዛ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፏ ሲወጣ አልሰማሁም። አባቴ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ እናቴን በኮሪደሩ መራመድ ያስተምራታል፤ ወደ ኋላ እየሄደ፣ ሁለት እጇን ይዞ። ከውጭ ላየው ሰው እንደነሱ የተዋደደ ባልና ሚስት አልነበረም። እኔም እንደዚያ ነበር የማየው።

ተለያዩ፤ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ከጨረስኩ በኋላ፣ ያለ ጠብና ያለ ሽማግሌ። አንድ ጠዋት እናቴ ሌላ ቤት ተከራየች፤ ዕቃዋን ያወረደላት እሱ ራሱ ነው። ለምን እንደሆነ የጠየቅኋት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ የውሃውን ነገር አነሣችና፣ «በውሃ ያስጠረጠርሽኝ አንቺ» ብላ በአንድ ጎን ከንፈሯ እስከ እንባ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠረገች። «ጠጪ ነሽ ቢለኝ ኖሮ እሰድበው ነበር፣ ያልቅ ነበር» አለችኝ። «ግን በሩ ላይ ትከሻዬን ሲይዘኝ እኔም ሊስመኝ መስሎኝ ነበር።»

ይቅርታ ጠይቆሽ ያውቃል ወይ አልኳት። አያውቅም አለችኝ።

እኔ ግን አንድ ቀን አይቻለሁ። ከሆስፒታል በተመለሰች በወሩ ገደማ ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ መጋረጃው ተጋርዶ። እናቴ ቀኝ ጆሮዋን ትራሱ ውስጥ አድርጋ ተኝታለች። አባቴ ከአልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ አፉን ግራ ጆሮዋ ላይ ሊያስነካ ምንም አልቀረውም፤ ይናገራል። ስለ አያቴ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ በሩ ሲል ሰማሁ። እሱን የሚያህል ሰው ይህን መርሳቱ ገረመኝና ቀስ ብዬ ሄጄ እጅጌውን ሳብኩት።

«አባዬ፣ በዚያ በኩል እኮ አትሰማም።»

ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር «አውቃለሁ» አለኝ። ንግግሩንም ቀጠለ።